አሥሩ ነጭ ዱቄቶች

ሞሚና ሰኞ ጠዋት ከገለምሶ ስትመለስ ላቦራቶሪው ከወትሮው የበለጠ ንጹሕ ሆኖ ጠበቃት። መስኮቶቹ ተወልውለዋል፤ ጠረጴዛዎቹ ላይ አቧራ የለም፤ መደርደሪያው ላይ የቆሙት ብልቃጦች በጠዋት ፀሐይ ያብለጨልጫሉ። ክፍሉ ላምባ ላምባ ይሸታል። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ አንዱን ብልቃጥ አነሣችና ክዳኑን አየች። ምንም የለበትም። ቀጥሎ ያለውን አየች፤ እሱም ባዶ ነው። በእጇ የጻፈቻቸው ስሞች ከሁሉም ክዳኖች ላይ ጠፍተዋል።

ጭሮ በሚገኘው በዚህ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ሆና ከተቀጠረች ስምንት ወሯ ነው። ስትመጣ ክፍሉ ለዓመታት ተቆልፎ የቆየ ነበር። የብልቃጦቹን የወረቀት መለያ ብል በልቶት ግማሹ ሲነኩት ይፈረፈራል። አሁንም የሚነበበውን አንድ በአንድ አንብባ፣ ከንብረት መዝገቡ ጋር አመሳክራ፣ ስሞቹን በማይለቅ ማርከር በፕላስቲክ ክዳኖቹ ላይ ጻፈች። የተበላውን ወረቀት ፍቃ ጣለችው። ውሃ የማይነካው ቀለም በመምረጧ በልቧ ኮርታም ነበር።

ያላሰበችው እትዬ ሣህሊቱን ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ሣህሊቱ በትምህርት ቤቱ የታወቁበት አንድ ሙያ አላቸው። መምህር ተሳስቶ ነጩን ሰሌዳ በማይለቀው ማርከር ሲሞላው፣ ጨርቅ ላምባ ነክረው አዲስ አስመስለው የሚመልሱት እሳቸው ናቸው። ለዚህም በተማሪ ሰልፍ ፊት ተመስግነዋል። ሞሚና ዓርብ ለወንድሟ የጋብቻ ኒካ ስትሄድ፣ ከዞን እንግዶች ስለሚመጡ ብልቃጦቹን እንዲያጸዱላት ለምናቸው ነበር። እሳቸው መጀመሪያ በውሃ ሞከሩ። በክዳኖቹ ላይ ያለው ጽሑፍ አልለቅ አላቸው። ስለዚህ ላምባቸውን አመጡ።

«ልጆች የሞነጫጨሩት መስሎኝ» አሉ፣ ነገሩ ሲነገራቸው ወንበር ፈልገው እየተቀመጡ። «ሃያ ሰባት ክዳን ነው በጥፍሬ ሳይቀር የፈተግሁት።»

ሞሚና ልትቆጣ ፈልጋ አልቻለችም። አጽዱልኝ ያለችው እሷ ናት። ውሃ ያላስለቀቀውን ቀለም ላምባ እንደሚያስለቅቀው ማወቅ የነበረባትም እሷ ናት፤ ዲፕሎማዋን የተቀበለችው በኬሚስትሪ ነው። ከእሷ ይልቅ የቀለሙን ጠባይ ያወቁት እትዬ ሣህሊቱ ናቸው።

ባለ ቀለሞቹን ለይታ ለማስቀመጥ አልተቸገረችም። ሰማያዊው መዳብ ሰልፌት ነው፤ ቢጫው ድኝ ነው፤ ጥቁር ወይን ጠጁን ፐርማንጋኔት የማያውቀው የለም። ፈሳሾቹ ስማቸው በራሱ በጠርሙሱ ላይ የታተመ ነው። መጨረሻ ላይ አሥር ብልቃጥ ቀረ፤ በአሥሩም ውስጥ ነጭ ዱቄት። መዝገቡ ላይ ደግሞ አሥር ስም አለ። ከአሥሩ ስሞች በአንዱ፣ በባሪየም ክሎራይድ ትይዩ፣ ከእሷ በፊት የነበረ ሰው በቀይ እስክሪፕቶ «መርዝ» ብሎ ጽፏል።

ለዳይሬክተሩ ሌላ ሰው ሳይነግራቸው ራሷ ሄዳ ነገረቻቸው። አቶ ተስፋዓለም የታሪክ መምህር የነበሩ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። አልተቆጧትም። መዝገቡን ተቀብለው ቀዩን ቃል ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ውሳኔያቸውን ነገሯት፤ ዓርብ ዕለት አሥሩም ብልቃጦች ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ይቀበራሉ፣ ላቦራቶሪው መቀመጫ ለጠበባቸው የዘጠነኛ ክፍል ልጆች መማሪያ ይሆናል፣ እሷም ወደ መዝገብ ቤት ትዛወራለች።

«በዚህ ግቢ ሁለት ሺህ ልጅ አለኝ» አሉ። «የትኛው እንደሆነ የማላውቀው መርዝ መደርደሪያ ላይ አላሳድርም።»

ሞሚና ብዙውን ጊዜ ከዚህ ክፍል የምትወጣው «እሺ» ብላ ነው። አሁንም ከንፈሯ ላይ የነበረው እሱ ቃል ነው። ነገር ግን ላቦራቶሪው ከተዘጋ ማንም መልሶ እንደማይከፍተው ታውቃለች። እሷ ራሷ ገለምሶ ስትማር አንድም ቀን ላቦራቶሪ ሳትገባ ነው አሥራ ሁለተኛን የጨረሰችው።

«እስከ ሐሙስ ይስጡኝ» አለች።

«ምን ልታደርጊ? ልትቀምሻቸው ነው?»

«አንዱንም አልቀምስም። ውሃ ሲነካቸው፣ እሳት ሲነካቸው የሚያደርጉትን አይቼ እለያቸዋለሁ።»

አቶ ተስፋዓለም ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ራሳቸው እንደሚፈትኗት፣ ከዚያ በፊት ግን የኬሚስትሪ መምህሩ ደጀን በውጤቱ ላይ አብሯት መፈረም እንዳለበት ነገሯት።

ደጀን ከደሴ ተመድቦ የመጣ፣ አሥራ አንደኛ ክፍልን ስድስት ዓመት ያስተማረ ወጣት ነው። የሰሌዳ ሥዕሉ የታወቀ ነው። ኑክሌየሱን መሃል አድርጎ፣ ኤሌክትሮኖቹን በየምህዋራቸው ሲደረድር ክቦቹ በኮምፓስ የተሣሉ ይመስላሉ። ሞሚና በመምህራን ክፍል አግኝታው የተፈለገውን ስትነግረው ግን ፊቱ ተለወጠ። በዓይኑ ባላየው ነገር ላይ እንደማይፈርም ነገራትና የደብተር ክምሩን ታቅፎ ወጣ። የናቃት መሰላት።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ አክስቷ ልጅ ወደ አብራር ሄደች። አብራር ባጃጁን መናኸሪያው አጠገብ አቁሞ ተሳፋሪ ይጠብቃል። የፈለገችውን ስትነግረው ለባልደረቦቹ እያወራ ሳቀባት።

«ባትሪዬን ጨው ልታበላው ነው፣ ወላሂ። ኋላ ደም ግፊት ይዞት ባይነሣልኝ አንቺ ትገፊኛለሽ ሞሚ።»

እየሳቀም ሄዶ ባጃጅ ማስነሣት ያቃተውን፣ መብራት ግን የማያቅተውን አሮጌ ባትሪ፣ ከዳሽቦርድ የወጣች ትንሽ አምፖልና በፕላስቲክ ጠርሙስ ግማሽ ድረስ ያለ የባትሪ አሲድ አመጣላት። አሲዱን ሲሰጣት ቀልዱን ተወ። ሱሪውን በልቶበት እንደሚያውቅ ነግሮ ጠርሙሱን በባልዲ ውስጥ አቁሞ፣ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ በባጃጁ አደረሳት።

ሞሚና ጓንቷን አጥልቃ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ብልቃጦቹን ከአንድ እስከ አሥር ቆጥራ ቁጥሩን በፕላስቲክ ክዳኖቹ ላይ በሚስማር ጫረች። ለእያንዳንዱ የደብተር አንድ ገጽ ሰጠች። ለራሷም ሕግ አወጣች፤ አንዱ ማን እንደሆነ የታወቀ ቢመስል እንኳ ፈተናው እስከ መጨረሻው ይደረግለታል።

አራት ቁጥር ገና ክዳኑ ሲላላ ስሙን ነገራት፤ በልብስ ሻንጣ ውስጥ የሚደረገው ናፍታሊን ነው። ከሌሎቹ ከእያንዳንዳቸው ግማሽ ማንኪያ ውሃ ውስጥ ጨመረች። ሁለቱ አልሟሟ አሉ። ከሁለቱ አንዱ የአዮዲን ጠብታ ሲነካው ወደ ጥቁር ሰማያዊ ተለወጠ፤ ስታርች። ሌላው አቼቶ ሲፈስበት አረፋ ደፈቀ፤ ካልሲየም ካርቦኔት።

ሰባት ቀሩ፤ ሰባቱም ውሃ ውስጥ ገብተው ከዓይን ጠፍተዋል። ሰባት ብርጭቆ ጥርት ያለ ውሃ የሚመስል ነገር ጠረጴዛው ላይ ተደረደረ። ከባትሪው አንድ ሽቦ፣ ከአምፖሏ ሌላ ሽቦ አውጥታ፣ ጫፎቻቸው ላይ ከባትሪ ድንጋይ የወጡ ሁለት የካርቦን ዘንጎች አሰረች። ዘንጎቹን የመጀመሪያው ብርጭቆ ውስጥ ስትነክራቸው አምፖሏ ቀላች፤ ከዚያ ደመቀች።

ሞሚና ይህን ታውቀዋለች፤ አንብባዋለች። ሶዲየም ከመጨረሻው ምህዋሩ አንዱን ኤሌክትሮን ለክሎሪን ይሰጣል፤ ሰጪው ፖዘቲቭ፣ ተቀባዩ ኔጋቲቭ ይሆንና ይያያዛሉ። ደረቅ ጨው ውስጥ ሁሉም በየቦታው ተቆልፎ ስለቆመ ኤሌክትሪክ አያልፍም። ውሃ ሲገባ ግን ይላቀቃሉ፤ አዮኖቹ በነፃ ይዋኛሉ፤ መብራት ይበራል። ስኳር እንዲህ አይደለም። የግሉኮስ አቶሞች ኤሌክትሮናቸውን ተካፍለው የተያያዙ ስለሆኑ፣ ሲሟሟ ሞለኪውሉ ሳይፈርስ እንዳለ ነው የሚንሳፈፈው፤ የሚሸከመው ቻርጅ የለም። ታውቀዋለች፤ ያም ሆኖ አምስተኛው ብርጭቆ ጋ ስትደርስ አምፖሏ አልበራ ስትል ደነገጠች። ሽቦ የተነቀለ መስሏት ወደ ኋላ ተመልሳ አራተኛውን ሞከረች። በራች። አምስተኛውን ደገመች። ጨለማ። በደብተሯ ላይ «ግሉኮስ» ብላ ጽፋ፣ ቃሉን ለረጅም ጊዜ አየችው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ደጀን ነበር። ከገባ በኋላ በሩን ራሱ ዘጋው። ብርጭቆዎቹን፣ ባትሪውን፣ ደብተሯን አየና ቆሞ ቀረ።

«ያላየሁትን አልፈርምም ያልኩሽ» አለ፣ «አንቺን ተጠራጥሬ አይደለም። እኔ ራሴ አይቼ አላውቅም። ዩኒቨርሲቲ ለሰማንያ ሰው አንድ የፈሳሽ መለኪያ ቡሬት ነበር፤ እኔ ከኋላ ቆሜ የፊተኞቹን ጀርባ ነው ያየሁት። ስድስት ዓመት የአዮኒክ ቦንድ አስተምሬ፣ አምፖል ሲበራ አላየሁም።»

 ሞሚና የካርቦን ዘንጎቹን አንሥታ ሰጠችው። ደጀን ዘንጎቹን አራተኛው ብርጭቆ ውስጥ ነከራቸው። አወጣቸው። መልሶ ነከራቸው። ከሥር አረፋ ተነሣ፤ የበረኪና ዓይነት ሽታ ስለ መጣ ሞሚና ሄዳ መስኮቱን ከፈተች። ስትመለስ አሁንም ይነክራል፣ ያወጣል።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሆነው ሠሩ። ከቀሩት ስድስቱ በአቼቶ አረፋ ከደፈቁት ከሁለቱ፣ ሲሞቅ የኖራ ውሃን ያደፈረሰ ጋዝ ያወጣው ሶዲየም ባይካርቦኔት፣ ያላወጣው ሶዲየም ካርቦኔት ሆነ። ከኖራ ጋር ሲሞቅ አፍንጫ የሚሰነጥቅ ሽታ ያወጣው አሞኒየም ክሎራይድ ነው። ሦስት ቀሩ። ሞሚና በውሃ የቀጠነ የባትሪ አሲድ በጠብታ መስጫ ይዛ በየተራ ጨመረች። አንደኛው ምንም አልሆነ። ሁለተኛው ምንም አልሆነ። ዘጠኝ ቁጥር ላይ ጠብታው እንዳረፈ ጥርት ያለው ፈሳሽ ወተት መሰለ፤ ነጩ ነገር ቀስ እያለ ወደ ታች ሰፈረ።

«እሱ ነው» አለ ደጀን። መርዙ ማለቱ ነው። ሞሚና ዘጠኝ ቁጥርን ወስዳ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበትና ቁልፉን አንገቷ ላይ አደረገች።

የቀሩት ሁለቱ፣ ሶዲየም ክሎራይድና ፖታሲየም ክሎራይድ፣ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ አስቸገሯቸው። በነበልባል ሲቃጠሉ አንዱ ቢጫ፣ ሌላው ፈዛዛ ሐምራዊ መሆን አለበት። ከተቃጠለ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሽቦ ቆርጠው፣ ጫፉን ዱቄቱ ላይ ነክተው በአልኮል መብራቱ ላይ ቢይዙት ሁለቱም ቢጫ ሆኑ። ደገሙት፤ ቢጫ። ደጀን ምናልባት ሁለቱም ሶዲየም ናቸው፣ መዝገቡ ተሳስቷል አለ። ሞሚና ሽቦውን ብቻውን፣ ምንም ሳታስነካው እሳቱ ላይ ያዘችው። አሁንም ቢጫ ነው። ሽቦውን ሲያጠማዝዙ ጓንታቸውን አውልቀው ነበር፤ ቢጫው የመጣው ከራሳቸው የእጅ ላብ ነው። ሽቦውን አሲድ ውስጥ እየነከረች፣ በውሃ እያጠበች፣ እሳት ላይ እያጋለች፣ ነበልባሉ ቀለም መስጠት እስኪያቆም ሰባት ጊዜ መላለሰችው። ከዚያ ሁለት ቁጥርን ነካች። ነበልባሉ ለአንድ አፍታ ሐምራዊ ሆነ።

ደጀን ደብተሯን ስቦ አሥሩንም ገጾች ካነበበ በኋላ ከሥር ፈረመ።

ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት አቶ ተስፋዓለም ሦስት የፕላስቲክ ኩባያ ይዘው መጡ። ጠዋት የክፍሉን ቁልፍ ተቀብለዋት ብቻቸውን ገብተው ነበር። በኩባያዎቹ ውስጥ ጥቂት ጥቂት ነጭ ዱቄት አለ። ዘጠኝ ቁጥርን እንዳልነኩ፣ እያንዳንዱንም በተለየ ማንኪያ እንደወሰዱ ነገሯት። ሦስቱን ካወቀች ክፍሉ ይቆያል። አንዱን ከሳተች አይቆይም። እትዬ ሣህሊቱ መጥረጊያቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ፤ ሂዱ ያላቸው ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያው ኩባያ ሲሟሟ አምፖሏን አበራ፤ በአቼቶም በአሲድም ዝም አለ፤ ከኖራ ጋር አልሸተተም፤ ነበልባሉ ደማቅ ቢጫ ሆነ፤ ማንኪያ ላይ ሲሞቅ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ሶዲየም ክሎራይድ አለች። ዳይሬክተሩ ወረቀታቸውን አይተው በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለተኛው አልሟሟም፤ በአቼቶ ደፈቀ። ካልሲየም ካርቦኔት። አሁንም ነቀነቁ።

ሦስተኛው ሟሟ። አምፖሏ በራች። አቼቶ አላስደፈቀውም፤ አሲድ አላነጣውም፤ ኖራ ሽታ አላወጣለትም። ነበልባሉ ቢጫ ሆነ። ደጀን ጠጋ ብሎ በጆሮዋ «ያው ጨው ነው፤ ደግመው አምጥተውት ነው» አላት። እሷም እንደዚያው አስባለች። ያልተደረገው ፈተና ማንኪያ ላይ ማሞቅ ብቻ ነው። ሦስቱም ሰዎች መልሷን እየጠበቁ ስለነበር ማንኪያውን ስታነሣ አፈረች፤ ግን አነሣችው።

ዱቄቱ ቀለጠ። ከዚያ ቡናማ ሆነ። ክፍሉ ውስጥ የተቃጠለ ስኳር ሽታ ሸተተ።

ሞሚና የአልኮል መብራቱን አጠፋች። ስኳር አምፖል አያበራም። ጨው በዚህች ትንሽ እሳት አይቀልጥም፣ ቡናማም አይሆንም። ሁለቱን ጠባይ አንድ ላይ የያዘ ስም ከአሥሩ ስሞች ውስጥ የለም።

«ስሙን ንገሪኝ» አሉ አቶ ተስፋዓለም።

«አንድ ስም የለውም።»

«ከአሥሩ አንዱን በይ።»

«አልልም» አለች። ቃሎቹን አንድ በአንድ አወጣቻቸው። «ይኼ ቢያንስ ሁለት ነገር ነው። ጨው አለበት፤ ስኳርም አለበት። ከእኔ ብልቃጥ የወሰዱት ከሆነ፣ ብልቃጤ ውስጥ የተቀላቀለ ነገር አለ ማለት ነው፤ ያኔ ክፍሉን ይዝጉት። ከውጭ ያመጡት ከሆነ ግን ትክክል ነኝ።»

 ዳይሬክተሩ ከኮታቸው ኪስ ጫፉ የተቀደደ ትንሽ ከረጢት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን የተወሰደ፣ ተቅማጥ ለያዘው ሰው በውሃ በጥብጠው የሚሰጡት ኦአርኤስ ነበር። ደጀን ከረጢቱን ገልብጦ በጀርባው ያለውን አነበበ፤ ግሉኮስ፣ ሶዲየም ክሎራይድ፣ ፖታሲየም ክሎራይድ፣ ሲትሬት።

«የማታውቂውን አውቃለሁ ትይ እንደሆነ ነበር ማየት የፈለግሁት» አሉ አቶ ተስፋዓለም። «መርዝ አጠገብ የማስቀምጠው ሰው አላውቅም ማለት የሚችል መሆን አለበት።» ቀጥለው የሚያስፈልጋትን ጠየቋት። ሞሚና አንድ ተጨማሪ ቁልፍ፣ ጽሑፉ የማይለቅ የመስታወት መጫሪያና ለልጆቹ የላቦራቶሪ ክፍለ ጊዜ ብቻ ጠየቀች። እትዬ ሣህሊቱ ከበሩ ላይ ሆነው፣ ከእንግዲህ እዚህ ክፍል ላምባ ይዘው እንደማይገቡ ለማንም ሳይሆን ተናገሩ። ደጀን ሳቀ።

በሚቀጥለው ሳምንት አሥራ አንደኛ «ለ» ገባ። ስድሳ ሁለት ልጆች ስለሆኑ በሁለት ዙር ተከፈሉ፤ ደጀን በሁለቱም ዙር እንደሚገኝ አስታወቀ። ሞሚና እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ በመጀመሪያ ለራሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ ቀጥሎ ልጆቹ «አይሰማም» ሲሏት ከፍ አድርጋ፣ ምን እንደሚነካና ምን እንደማይነካ ነገረቻቸው። ለየጠረጴዛው ስስ ጓንት፣ ብርጭቆና አንድ ማንኪያ አሞኒየም ክሎራይድ ሰጠች።

ሳብሪና የምትባል ከፊት የተቀመጠች ልጅ ዱቄቱን ውሃ ውስጥ ጨምራ እያማሰለች ሳለ በድንገት እጇን ከብርጭቆው ላይ አነሣች።

«ቲቸር፣ ቀዘቀዘ» አለች። «በረዶ ሆነ እኮ።»

ሞሚና ሄዳ ነካችው። እውነትም ቀዝቅዟል፤ በመስታወቱ ላይ እርጥበት መታየት ጀምሯል። ለአሞኒየም ክሎራይድ በሰጠችው ገጽ ላይ ሽታውን እንጂ ይህን አልጻፈችም፤ ጓንቷ ወፍራም ስለነበር አላስተዋለችውም። ልጆቹ ለምን እንደሆነ ሲጠይቋት፣ መጀመሪያ ሁሉም ይንካው አለች፣ ከዚያ አብረን እንፈልገዋለን።

ደጀን ብርጭቆውን ከሳብሪና ተቀበለ። ትስስር ሲላቀቅ ሙቀት ከየት እንደሚወሰድ ሰሌዳው ላይ ስድስት ዓመት ጽፎታል። በሁለት እጁ ይዞት ጥቂት ቆየ። ከዚያ አጠገቡ ወዳለው ልጅ አሳለፈው፤ ያም ነክቶ ለሚቀጥለው አቀበለ።